የታደለን ዘፈን ላስቆም ጋምቤላ ወረድኩ

ከጋምቤላ ስመለስ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አዞ አየሽ?» ብሎ ነው የጠየቀኝ። አላየሁም። አዞውም እኔን ያየኝ አይመስለኝም። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሙቀቱ ነበር፤ ለእሱ መልስ አለኝ፣ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። ለምን እንደሄድኩ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ እጽፈዋለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አብዛኞቻችሁ አትሄዱበትም፣ ብትሄዱም እኔን አንብባችሁ አትሄዱም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ አስካለ ጋምቤላ ከተማ ነርስ ናት። ባሏ ታደለ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን፣ ማን ማንን እንደሚያዝ ባልታወቀባቸው ቀናት፣ ታደለ ፈተና ሊያስፈትን አንድ ገጠር መንደር ወጥቶ «ቀይ ነው» ተብሎ ተገደለ። በማግሥቱ ከተማው ውስጥ ዓሣ ሊሸጥ የመጣ አንድ ሰው «ጥቁር ነው» ተብሎ ተገደለ። ከሁለቱም ወገን ሌሎችም ነበሩ። ከተማው ለዚያ ጊዜ ስም አላወጣለትም፤ «ያ ሰሞን» ብቻ ይለዋል፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት አለፉ፣ ጋምቤላም ክልል ተባለች። አንድ ቀን አስካለ እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት ስልክ ደወለች።

«ሙሉ፣ ታደለን ሊዘፍኑበት ነው!»

«እነማን?»

«እነሱ ናቸዋ! በከበሮ! በጭፈራ! እሁድ ሳምንት አዲሱ አዳራሽ ሲመረቅ። ነይና አስቁሚልኝ። አንቺ መጽሐፍ ታነቢያለሽ፣ ክርክር ታውቂያለሽ።»

መጽሐፍ ማንበቤ እውነት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ሊኖሩኝ በሚገባ ዕድሜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ በማታ ትምህርት ገፍቼ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆንኩ። ክርክር ግን መጽሐፍ ከማይመልሱ ተማሪዎች በቀር ከማንም ገጥሜ አላውቅም፤ እሱንም ሁልጊዜ የምሸነፈው እኔ ነኝ። ቢሆንም ፈቃድ ጠየቅኩ።

ሰኞ

ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ወፍራም ጋቢ፣ ሹራብ፣ ለአስካለ የያዝኩት በሶና ሁለት መጽሐፍ ነው። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ጋቢውን አይቶ «በረሃ ልትወርጂ አይደለም እንዴ?» አለኝ። እኛ ዘንድ ሙቀት ማለት እጅ ከጋቢ የሚወጣበት ቀን ነው። ከዚያ የባሰ አለ ሲሉኝ ማጋነን መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ አመሻሹ ላይ ገባሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዤ ጋቢውን ደርቤ ተኛሁ፣ ደስም አለኝ። ጥበቃውን በልቤ ረታሁት።

ማክሰኞ

እስከ ጂማ። ግቤ በረሃ ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሁለት ዶሮ ታቅፈው ነበር፤ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፈቱ፣ እኔም ከፈትኩ። «ሙቀት የሚሉት ይሄ ነው?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ለእኔ መልስ ሳይሰጡ ዶሮዎቹን አጽናኑ። ጂማ ላይ እራት በቆጮ በላሁ። የደብረ ብርሃን ሰው እንደመሆኔ ገብስ የሌለበት ማዕድ ላይ እንግድነት ይሰማኛል፤ ግን የቤቱ ባለቤት «አልበላሽም» እያለ እየደጋገመ ስለጨመረልኝ ቅሬታዬን ለመግለጽ አፌ ባዶ የሆነበት ጊዜ አልነበረም።

ረቡዕ

ዝናብ፣ ዛፍ፣ ጭቃ። የእኛ አገር ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው፤ ተራ በተራ ይቆማል፣ ይቆጠራል። ከበደሌ ወዲያ ያለው ዛፍ ግን ማንም ያልደረደረው መጽሐፍ ክምር ነው፤ አይቼው እጄን በላኝ። መቱ ልንደርስ ስንል አውቶቡሳችን ጭቃ ውስጥ ቀረ። ሁላችንም ወርደን ገፋን፤ ያልገፋው ጭኑ ላይ የጽሕፈት መኪና ያቀፈ አንድ ወጣት ብቻ ነው። በአዲሱ ክልል አንድ ቢሮ የተመደበ ነው።

«አስቀምጠውና ግፋ እንጂ!» አለው ረዳቱ።

«አልችልም። ቢሮው ማኅተም አለው፣ የበር ሰሌዳ አለው፣ ወንበር እንኳ የለውም። ይህ ከተሰበረ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ተሰበረ ማለት ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀና መሥሪያ ቤቱን ሳይጨምር ገፋ። እኔ ግፊያው መሐል ተንሸራትቼ በሁለት እጄ ጭቃው ላይ አረፍኩ።

መቱ ያደርኩበት ቤት በሩ ቁልፍ የለውም፤ በድንጋይ ነው የሚደገፈው። የቤቱ ባለቤት የሆነችው ወይዘሮ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ቀሚሴን ሳልጠይቃት ወስዳ አጠበች፣ እሳት ዳር ሰቀለችው፣ የራሷን አለበሰችኝ። ቁመቷ የእኔ እጥፍ ስለሆነ ቀሚሱን እየሰበሰብኩ ነበር የምራመደው።

«ጋምቤላ ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ።

«ዘፈን ላስቆም።»

«ውይ! ደብረ ብርሃን ዘፈን አልቆባችሁ ነው እስከዚህ የመጣሽ?»

ጠዋት ልከፍላት ስል ለአጠባው ዋጋ አልቀበልም አለች፤ የበቆሎ ቂጣ በማር ቋጥራ ሰጠችኝ።

ሐሙስ

ከጎሬ በኋላ ቡሬ፤ ከቡሬ በኋላ ቁልቁለት። ቁልቁለቱ መታጠፊያ የበዛበት ነው፤ ሰው በየመታጠፊያው አንድ ልብስ ያወልቃል። መጀመሪያ ካፖርቱ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ቀጥሎ ሸሚዙ ይከፈታል። ባለ ጽሕፈት መኪናው ልጅ ክራቫቱን እስከ መጨረሻው ይዞ ቆይቶ ሜዳው ሲታይ እሱም እጁን ሰጠ። እኔ ጋቢዬን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት፤ እዚያም ሆኖ ያሞቀኝ ነበር። ስለ ሙቀቱ የጠየቃችሁኝ፣ መልሱ ይኸው ነው፤ ሙቀቱ ከላይ አይመጣም፣ ከውስጥ ነው የሚወጣው፤ እንጀራ በምጣድ ክዳን ሥር ምን እንደሚሰማው አሁን አውቃለሁ።

ሌላም ነገር ቁልቁለቱ ላይ ተለወጠ። ደብረ ብርሃን ውስጥ እኔ ጠይም ነኝ፤ እንዲያውም እናቴ ባል ታጣለች ብላ የተጨነቀችበት ጠይም። ጋምቤላ መናኸሪያ ስወርድ ግን አንዲት ማንጎ ሻጭ ጓደኛዋን «ያቺን ቀይ ሴትዮ ጠይቂያት» ስትል ሰማሁ። ማንን እንደምትል ዞር ብዬ ፈለግሁ። እኔን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሲከለክሉኝ የኖሩትን ቅላት ባሮ ዳር በነጻ ሰጡኝ። ትንሽ ሳቅኩ፤ ወዲያው ታደለ በዚህችው ቃል መሞቱ ትዝ ብሎኝ ሳቄን ዋጥኩት።

የአስካለ ቤት ማንጎ ዛፍ ሥር ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ማንጎ ሲወድቅ ድንጋይ የተወረወረ ይመስላል፤ ሦስቴ ከአልጋ ዘለልኩ፣ ሦስቴም አጎበሩ ውስጥ ተጠላልፌ ቀረሁ። አስካለ አልሳቀችም። ድሮ ከሁላችን አብልጣ የምትስቅ እሷ ነበረች።

«መልእክተኛ ላኩብኝ» አለች። «‹እሁድ ከቤትሽ ማን ይቆማል?› ይለኛል። የምን መቆም? ሙሾ ቢሆን በገባኝ። ከበሮ እየመቱ ስሙን ሊጠሩ! ሰው ባል ሞቶባት ይጨፈርባታል?»

«ያዘጋጀው ማን ነው?»

«ኡጁሉ የሚባል ዘፋኝ ነው፣ ከድልድዩ ማዶ። ነገ ሄደሽ በይው፤ የታደለ ስም ከአፉ እንዳይወጣ።»

ዓርብ

ኡጁሉ ከጎጆው ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ይዞ ነበር፤ ሳጥኑ ላይ የብረት ምላሶች አሉት፣ በሁለት አውራ ጣት ይነካካዋል፣ ውኃ በቆርቆሮ ላይ ሲንጠባጠብ የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ቶም ይሉታል። ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይርቅም። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ «እርስዎን ለማነጋገር ነው የመጣሁት» ብዬ ጀመርኩ። ሌላ ሰው ከኋላው የቆመ መስሎት ዞር አለ።

«እኔ አንድ ነኝ» አለ። «አንተ በቂ ነው። ተቀመጪ፣ እህቴ።»

ንግግሬ እዚያ ላይ ተሰበረ። ተቀመጥኩ። ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ እንግዳ መምጣቱን ያየች ጎረቤቱ የበቆሎ ገንፎና የዓሣ ወጥ ላከችልን። ዓርብ ነበር፣ ጾም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ደብረ ብርሃን ዓሣ ስለማይገኝ ግን መልሱን የሚፈልገው ሰው አልነበረም። እዚህ አስቸኳይ ሆነ። ሳህኑን አየሁ፣ ኡጁሉን አየሁ፣ ጎረቤቲቱ አጥር ላይ ሆና እያየችኝ ነው። በላሁ። ክርክሩን በዚያ ዘጋሁት።

አፌን ጠርጌ የአስካለን መልእክት ነገርኩት። ቶሙን መሬት ላይ አኖረ።

«እኔን ቢሮ ጠሩኝ» አለ። «አዳራሽ ይመረቃል፣ የሰላም ዘፈን ሥራ አሉኝ። እሺ አልኩ። ቤቴ መጣሁ፣ አሰብኩ። ሰላም እንዴት ይዘፈናል? መልኩን አላውቅም፣ ሲሄድ አላየሁም። ያ ሰሞን የሞተ ሰው ግን አውቃለሁ። ጥቁሩንም ቀዩንም። ስለዚህ እነሱን ልዝፈን አልኩ።»

«በከበሮ?»

«በምን ይሁን?»

«እኛ ሐዘን ላይ ከበሮ አንመታም። ጭፈራ የደስታ ነው። አስካለ እየተደሰታችሁባት መስሏታል።»

ኡጁሉ በርጩማውን ወደ እኔ አስጠጋ። ከዚያ ዓይኑ ውስጥ ተንኮል ነገር ብልጭ አለ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። መምህር ታደለ ሲሞት ሲስተር ደጅ ድንኳን ነበር። እኛ በሩቅ አየን። ውስጡ ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ።»



«ካርታ!» አለ። «አንዱ ይመታል፣ አንዱ ‹በላሁህ!› ይላል። እኛ ምን አልን? ቀይ ሰው ሐዘን የለውም አልን። ሰው ሞቶ ቁማር!»

«ቁማር አይደለም!» አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «ለማምሸት ነው። ሐዘንተኛዋ ብቻዋን እንዳትሆን ሰው አብሯት ያነጋል፤ እንቅልፍ እንዳይወስደው ነው ካርታው።»

«እ!» አለ ኡጁሉ። «ከበሮም ለዚያ ነው።»

በሕይወቴ እንዲህ ቶሎ የተሸነፍኩት መጽሐፉን ውሻ በላው ያለኝ ተማሪ የጥርስ ምልክት ያለበትን ሽፋን ይዞ የመጣ ጊዜ ብቻ ነው።

ወጉን ነገረኝ፤ አባቱ እንዳስተማረው። እያንዳንዱ ሟች አንድ ስንኝ አለው። ስሙ ሲጠራ ከቤቱ አንድ ሰው ይቆማል፤ ካልቆመ ስሙ ይታለፋል፣ በግድ የሚዘፈን ሟች የለም። ስንኙ ደግሞ ሰውን የሚያስቅ ነገር ይኖረዋል።

«መምህር ታደለ ምን ይሳቅበት ነበር?»

«ታደለ? ደግ ነበር። ትሑት። ሃይማኖቱን አክባሪ...»

ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ሁሉም ሙት ነው። ሰው ሰምቶ ‹አዎ፣ እሱ!› እንዲል አይደለም።»

እዚህ ላይ ሙያዬ ከዳኝና ከእሱ ወገን ሆንኩ። አንድ ተማሪ መጥቶ «ሽፋን ያለው መጽሐፍ ስጪኝ» ቢለኝ የምለውን አውቃለሁ። ሆኖም ለአስካለ ቃል ገብቻለሁና አፌን ዘጋሁ።

ልነሳ ስል «ከአንተስ ቤት ማን ይቆማል?» አልኩት፤ ለጨዋታ ያህል። ወዲያው ባልጠየቅሁ ብዬ ተመኘሁ።

«ከእኔ ቤት የሞተው ኡመድ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ። ከተማ ዓሣ ሊሸጥ ገብቶ።» የቶሙን አንድ ምላስ ነካ፣ ለቀቀ። «ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ሱዳን ተሻገረች። የቀረሁት እኔ ነኝ። የሚዘፍን ሰው ደግሞ የሁሉም ነው፣ ለራሱ ቤት መቆም አይችልም። አባቴ እንዲህ ነው ያለኝ። የኡመድ ስም ይቀራል።»

ቅዳሜ

ቁርስ ማንጎ ነበር። አስካለ እንዴት እንዳስቆምኩት ጠየቀችኝ። ስለ ካርታው ነገርኳት።

«ካርታ ሌላ ነው!»

«ምኑ ነው ሌላ?»

አሰበች። «ካርታ አይጮህም።»

«ጎረቤትሽ ጋሽ አሰፋ በታደለ ለቅሶ በተሸነፉ ቁጥር ሠፈሩን ሲቀሰቅሱ አልነበር? ራስሽ ነግረሽኛል።»

ማንጎውን በቢላዋ ላጠች። የላጠችው ልጣጭ ከወትሮው ወፍራም ነበር። ከዚያ የኡመድን ነገር ነገርኳት፤ ለመከራከሪያ ሳይሆን ውስጤ ልይዘው ስላልቻልኩ። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ዓሣ የሚሸጠው? ረጅሙ? ብስክሌት ያለው?»

«አላየሁትም እኮ፣ አስኩ። የኡጁሉ ወንድም ነው።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። ስሙን አላውቅም። ‹ና አንተ ዓሣ!› ነበር የምለው። እሱ ሲስተር ይለኛል፣ እኔ ዓሣ እለዋለሁ። መገደሉን ሰምቻለሁ። አንድ ዓሣ ሻጭ ተገደለ አሉ። ያን ቀን የራሴ ሬሳ ነበረኝ፤ የትኛው ዓሣ ሻጭ ብዬ አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲቀር... ሌላ ቦታ ሄዶ ነው አልኩ።»

ድንገት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

«ውሸታም ነበር እኮ! ዓይን ያወጣ ውሸታም! ዓሣው ሽታው ከባሮ ማዶ ይጣራል፣ እሱ ደረቱን መትቶ ‹ሲስተር፣ ዛሬ ጠዋት!› ይላል። መቼ ተያዘ ብትዪው ‹ዛሬ ጠዋት!› የአንዱ ዓሣ ዓይን ነጭ ሆኖ፣ ‹ዛሬ ጠዋት!› ሠፈሩን በሙሉ በዛሬ ጠዋት ነው ያበላን!»

ሳቀች። ጋምቤላ ከገባሁ የመጀመሪያው ነው። ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ፊቷ ታጥቦ ነበር።

«እሁድ እሄዳለሁ» አለች። «ለመስማት ነው። አልቆምም። የታደለን ስም ይለፈው።»

ከሰዓት በኋላ ልምምዱን ለማየት አዳራሽ ሄድኩ። አንድ ሰዓሊ ግድግዳ ላይ የክልሉን ሕዝቦች እጅ ለእጅ አያይዞ ስሏል፤ ቀለም አምጡ ብሎ ቢሮ ጠይቆ የደረሰው አንድ ቆርቆሮ ቡናማ ብቻ ስለሆነ ደገኛውም፣ አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ መዠንገሩም አንድ መልክ ሆነው ቁጭ ብለዋል። የቢሮው ኃላፊ ከፊቱ ቆሞ ይቆጣል።

«ማን ማን እንደሆነ አይለይም እኮ!»

«ቀለም ሲመጣ እለያቸዋለሁ» አለ ሰዓሊው ብሩሹን እያጠበ። «ለምርቃቱ ግን በዚህ ይቆዩ።»

ለኡጁሉ የኡመድን «ዛሬ ጠዋት» ነገርኩት። ከራሱ ወንድም ዓሣ ገዝቶ ስለማያውቅ ያንን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ከበሮው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፣ ደጋግሞ በአፉ ሞከረው። «እሱ ነው» አለ። «ራሱ ኡመድ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ የሚቆም የለም።» ከዚያ ስለ ታደለ እንደገና ጠየቀኝ። አስካለ እንደማትቆም ነግሬው፣ ወግ ነውና አንድ ነገር ብቻ ሹክ አልኩት፤ ታደለ ሲዘፍን ድምፁ አይጣል ነበር፣ በገዛ ሠርጉ ላይ ሲቀበል ማሲንቆ መቺው መሣሪያውን አስቀምጧል።

«እንዳትሳሳት ነው የምነግርህ» አልኩት። «በእኛ ቤተሰብ የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አልተፈጠረም። እኔ ስሕተት ካየሁ እንቅልፍ የለኝም።»

«ሲስተርም እንደዚህ ናት?»

«እሷማ ከእኔ ትብሳለች።»

ኡጁሉ ፈገግ አለና የከበሮውን ጠፍር ማጥበቅ ቀጠለ።

እሁድ

አዳራሹ ሞልቷል። ማንም ሳያዝ ደገኞቹ በቀኝ፣ የአገሬው ሰዎች በግራ ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ ሰው የሌለበት መተላለፊያ። የግድግዳው ሥዕል ብቻ ነው የተቀላቀለው። ንግግሩ ረዘመ። እኛ አገር ንግግር ሲረዝም ሰው ይበርደዋል፤ እዚህ በፕሮግራም ወረቀት ይራገባል። አስካለ ከእኔ አጠገብ ጥቁር ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ተቀምጣለች።

ኡጁሉ ወጣ። ከበሮው ጀመረ፤ አስካለ ክንዴን ጨበጠች። አንዱን ስንኝ በአኙዋክ፣ ተከታዩን በአማርኛ ነበር የሚለው። የአንድ ሽማግሌ ስም ተጠራ፤ ከግራ በኩል አንዲት ሴት ቆመች፤ ስንኙ ሰውየው ጀልባ ላይ ሲወጣ ሁልጊዜ ይወድቅ እንደነበር ይናገራል፤ ሰው ሳቀ፣ ሴትዮዋም እያለቀሰች ሳቀች፣ ተቀመጠች። ከቀኝ አንድ ወፍጮ ቤት የነበረው ሰው ተጠራ፤ ልጁ ቆመ። ዱቄት ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄደው ሰው ቀኝም ግራም ሳቀ። የአስካለ እጅ ክንዴ ላይ ላላ።

ቀጥሎ በአማርኛ፦ «መምህር ታደለ!»

ማንም አልቆመም። አስካለ መሬት መሬት አየች። በወጉ መሠረት ማለፍ ነበረበት። አላለፈም። ከበሮውን በቀስታ እየነካ ስንኙን ጀመረ።

«መምህር ታደለ፣ ድምፀ መረዋ፣
ሲዘፍን ወፍ ሁሉ ትላለች ዋ!»

አስካለ ቀና አለች።

«መምህር ታደለ፣ አፉን ሲከፍተው፣
ባሮ መንገድ ትቶ ቆሞ አዳመጠው!»

«ኧረ ባክህ...» የሚል ሹክሹክታ ከአጠገቤ ሰማሁ።

«ሠርጉ ላይ ሲያዜም፣ ማሲንቆው አፍሮ፣
ልማር አለ አሉ ከሱ እንጉርጉሮ!»

«ውሸት ነው!»

አስካለ ቆማ ነበር። ነጠላዋ ወንበሩ ላይ ቀርቷል።

«ምን ያለው ውሸት ነው! ታደለ ሲዘፍን ውሻ ነበር ከግቢ የሚወጣው! ማሲንቆ መቺው ‹እባካችሁ ሙሽራው ይተወኝ› ብሎ ለምኗል! እኔ ሚስቱ ነኝ፣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ከግራ በኩል ከኋላ አንድ ረጅም ወጣት ብድግ ብሎ «እውነቷን ነው! እኔ ተማሪው ነኝ፤ የወንዞችን ስም በዜማ ሲያስጠናን ጆሮ ይዘን ነበር የምናጠናው!» አለ። ሌላውም፣ ሌላውም። ሳቁ ጣሪያውን ሲመታው ኡጁሉ ከበሮውን ለቀቀው፤ ተማሪዎቹ መተላለፊያው ላይ ወጥተው እየዘለሉ የታደለን የወንዝ ዜማ እንደሱው አበላሽተው አዜሙ። አስካለ አፏን በእጇ ይዛ ታያቸዋለች፤ በጣቶቿ መሐል እንባው ይወርዳል፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይናጣል። መቆሟን ያን ጊዜ ያወቀች መሰለኝ። ኡጁሉን ስታየው እሱ የከበሮውን ጠፍር ይመረምራል።

የቀሩት ስሞች ተጠሩ። ሰው ይቆማል፣ ይቀመጣል። አስካለ አልተቀመጠችም። ቀሚሷን ሳብ አደረግሁ፤ እጄን ገፋችው።

በመጨረሻ ኡጁሉ የከበሮውን ዱላ አወረደ።

«አልቋል» አለ። «ሲስተር፣ ተቀመጪ።»

«አላለቀም። አንድ ቀርቷል።»

«ሲስተር...»

«ኡመድ ቀርቷል።» ድምፏ ቁስል ስታጥብ ታማሚውን የምታዝዝበት ድምፅ ነበር። «የሚቆም የለም አልክ አሉ። ይኸው፣ ቆሜያለሁ።»

ኡጁሉ አያት። ከእሱ ቤት አይደለችም። አባቱ ያስተማረውን ወግ እኔም ዓርብ ዕለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ይህ በየትኛውም በኩል ቢሰፈር ትክክል አይደለም። እንደ እኔ ላለ ሰው መናገር የሚገባው ጊዜ ነበር። አልተናገርኩም።

ዱላውን አነሣ። መጀመሪያ በቋንቋው አዜመ፣ ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ተመለሰ። ከዚያ ወደ አስካለ ዞሮ በአማርኛ፦

«ኡመድ ባለ ብስክሌት፣ የባሮ ነጋዴ፣
ይሄ ዓሣ መቼ ነው የወጣው ወንድሜ?»

አስካለ አፏን ከፈተች፤ ግን አልቀደመችም። ከቀኝ በኩል፣ ከፊት እስከ ኋላ ወንበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢል ይዘው ይወጡ የነበሩት የደገኛ ሴቶች በሙሉ፣ ማንም ሳያስጠናቸው፣ ደረታቸውን እየመቱ በአንድ ድምፅ መለሱለት፦

«ዛሬ ጠዋት!»